የሸፊቃ ዕረፍት

«ኮሌጁ ክፍት ነው፤ ልጅቷ ግን ቤት ናት። ሌላ ምን ልንገርሽ?»

ካልቶማ ይህን የሰማችው ስኳር ለመመዘን ጆንያው ላይ አጎንብሳ ሳለ ነው። በሞያሌ ማንያታ ሰፈር ሱቅን ከሱቅ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ ነፋስ ያግድ እንደሆነ እንጂ ወሬ አያግድም። ድምፁ የጎረቤቷ የዳሃቦ ነበር። ላምባና ክብሪት የምትሸጠው፣ ስንት ረመዳን አብረው ያፈጠሩት ዳሃቦ። ለማን እንደምታወራ አይታይም፤ የምታዳምጠው ሴት ግን «አስተግፊሩላህ» እያለች ወሬው እንዳይቋረጥ ትገፋፋለች። ዳሃቦም አላሳፈረቻትም። በኤፕሪል የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው የሰው ልጅ ሁሉ ፍራሹን ተሸክሞ ሲመጣ የነጅመዲን ልጅ፣ የካልቶማ ሸፊቃ፣ የት ነበረች? አልመጣችም። አሁን በጁን የሰው ልጅ ሁሉ ክፍል ገብቶ ሲማር እሷ ምን ልትሠራ መጣች? ካሮ ሳይከፈልላት ቀርቶ ተባረረች እንዳይባል፣ አባቷ የትምህርት ክፍያዋን ከሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚከፍል ሰው ነው። ከዚያ ዳሃቦ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ በቆርቆሮ በኩል ይበልጥ ይሰማል። ረመዳን ሊያልቅ ነው፣ ልጅቷ ግን አንድ ቀን እንኳ አላፈረሰችም፣ ሴት አይደለችም እንዴ፣ አለች።

ካልቶማ ስኳሩን መዝና ለደንበኛዋ ሰጠች፤ ስድስት ሽልንጓን ተቀበለች። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም፤ ነጋዴ ናት። ውስጧን ያቃጠላት ግን የዳሃቦ ምላስ አልነበረም። ያቃጠላት ዳሃቦ አንድም አዲስ ነገር አለመናገሯ ነው። የወር አበባዋን ያየች ሴት አትጾምም፤ ቀኗ እስኪያልፍ ታፈርስና በኋላ ትከፍላለች። ስለዚህ በዚህ ሰፈር ያለች እናት የልጇን ነገር ለማወቅ ሐኪምም ጠንቋይም አያስፈልጋትም፤ ረመዳን ሲገባ ልጅቷ ቀን ላይ ማድቤት ገብታ ውሃ መጠጣቷን ማየት ይበቃታል። ሸፊቃ ጾሙ ሊገባ ሲል መጣች፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ጾመች፤ ይኸው እስከ ዛሬ አላፈረሰችም። ሌላ እናት ብትሆን በልጇ ጽናት ትኮራ ነበር። ካልቶማ ግን ልጇ ለመግሪብ ቴምር ባነሳች ቁጥር ልቧ ይወልቃል። በረመዳን የልጅ ጾም የሚያስጨንቃት እናት ሆነች።

ሸፊቃ ስትመጣ የነገረቻት ነገር ለጆሮ የሚጥም አልነበረም። ኮሌጁ ዓመቱን ሙሉ እንደማይዘጋ፣ ተማሪዎቹ በየተራ እንደሚያርፉ፣ አሁን የእሷ ተራ እንደሆነ ነበር ያለችው። ኮሌጁ ያ ከብት የፈጀው ድርቅ ካለፈ በኋላ በቡቲዬ የተከፈተ ትንሽ ግቢ ነው። ስለ አፈር፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ዛፍ ያስተምራሉ፤ ከተማው «የሣር ኮሌጅ» ይለዋል። ሰው ልጁን ሣር ሊያስተምር ክፍያ ይከፍላል ተብሎ ስንት ተስቆበታል። አሁን ደግሞ ይባስ ብሎ የማይዘጋ ትምህርት ቤት! ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ካልቶማ የምታውቀው ይህንን ነው። የእሷ ጭንቀት ደግሞ ቀጠሮ ነበረው። ባሏ ነጅመዲን ከድንበሩ ወዲያ ካለው ሞያሌ በርበሬና ቅቤ ተቀብሎ ኢሲዮሎ ወስዶ ሸጦ ዛሬ ከመግሪብ በፊት ይመለሳል። ደግ ሰው ነው፤ ግን የቤቱን ወሬ ከቤቱ ሳይሆን ሎሪዎቹ ከሚቆሙበት ሻይ ቤት ነው ቀድሞ የሚሰማው። የናይሮቢ ጨርቅ ነጋዴ ለልጁ ሸፊቃን ሲጠይቅ ከርሟል፤ ነጅመዲን እስከ ዛሬ የመለሰለት «ትምህርቷን ትጨርስ» እያለ ነው። ይህን ወሬ ከሰማ ትምህርት የሚባል ነገር አበቃ፤ ለኢድ ይድራታል፤ ዳሃቦ ያለችው እውነት ከሆነ ደግሞ የሚያገባትም የለም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ብላ ሱቋን ቆለፈች።

መጀመሪያ ቤት ገባች። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። የፊተኛው ክፍል ነጅመዲን ከኢሲዮሎ በሎሪ ያስመጣው ሶፋ፣ ላዩ የተጠለፈ ጨርቅ የለበሰ ሬዲዮና የመካ ሥዕል አለበት፤ የኋለኛው ውስጥ ሸፊቃ ከእናቷ ጋር ትተኛለች። ልጅቷ አልጋው ላይ በጎኗ ጋደም ብላ፣ ድሪ የሚሉትን ሰፊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ካልቶማ ዓይኗን ከልጇ ትከሻ ጀምራ ወደ ታች አወረደች፤ ድሪው ሰፊ ነው፤ ምን ያሳያል? በፊት ቀሚሷን አጣብቃ የምትለብስ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው ሰፊ የወደደች? አመመሽ ወይ አለቻት። ደህና ነኝ፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው አለች ሸፊቃ፣ እና ልታወራ የፈለገች ትመስል ቀና አለች። እናትየው ግን ቀድማ ቡቲዬ የታመመች ሴት ልጠይቅ ነው አለች። ሸፊቃ ተመልሳ ጋደም አለች። ዝምታው ሁለቱም የተላመዱት ነበር፤ ልጅቷ ከመጣች ጀምሮ በዚያ ክፍል ውስጥ ከሁለቱ ጋር አብሮ ያድራል። ካልቶማ ሌሶዋን ተከናንባ ወጣች።

ወደ ቡቲዬ የሚወስደው መንገድ በጾም ለሚሄድ ሰው ሩቅ ነው። የሰኔ ነፋስ አቧራውን እያነሳ ዓይን ውስጥ ይጨምራል። በመንገዱ ዳር የእሾህ አጥር ያላቸው ትንንሽ ማሳዎች አሉ፤ ፍየሎች በአጥሩ ቀዳዳ አንገታቸውን አስገብተው የደረቀ የበቆሎ አገዳ ይጎትታሉ። የሚያውቋት ሴቶች ሲያገኟት ወዴት ነው ይሏታል፤ እሷም የታመመች ሴት ልጠይቅ ትላለች። ሦስተኛዋ ሴት ማን ነች የታመመችው ስትላት ካልቶማ ስም አጣች፤ አታውቂያትም ብላ አለፈች። ልጄ ዋሸች ብላ ልታጣራ የወጣች ሴት መንገዱን በውሸት ሞላችው። ይህ አልታያትም። እሷ የምታስበው ኮሌጁ በር ላይ ደርሳ «ሸፊቃ የምትባል ተማሪ ከተባረረች ቆየች» ሲሏት ምን ዓይነት ፊት እንደምታሳይ ነበር።

ግቢው እንደጠበቀችው ክፍት ነው። ተማሪዎች በገመድ የተከለሉ የሣር መደቦች ዙሪያ ቁጢጥ ብለው ሣር እየቆጠሩ ይጽፋሉ። ሳቅ ቢጤ መጣባት፤ ጾም ነውና ዋጠችው። ዘበኛው ተራ የሚያወጣው መምህር ጋልጋሎ ነው ብሎ ወደ አንዲት የቆርቆሮ ቢሮ መራት። ጋልጋሎ ጎልቦ በሚባለው ቆላ ሜዳ ያደገ ቦረና ነው፤ በልጅነቱ ከድንበሩ ወዲያ ተምሮ አማርኛ ያውቃል። ወንበሩን ለቀቀላት፤ እሱ የዘር ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

ነገሩን በትዕግሥት አስረዳት። የመንግሥት ትምህርት ቤት በኤፕሪል ይዘጋል፤ ሣሩ የሚበቅለው ግን በኤፕሪል ነው። ተማሪው ሁሉ ሣሩ ሲበቅል ቤቱ ከሄደና ሲደርቅ ከተመለሰ ምን ተማረ ይባላል? ስለዚህ ዓመቱን በአራት ከፈሉት፤ ትልቁ ዝናብ፣ ይህ የብርድ ወቅት፣ ትንሹ ዝናብና በጋው። እያንዳንዱ ተማሪ ሦስቱን ይማራል፣ በአንዱ ያርፋል፤ ሁሉም ግን በአንድ ላይ አያርፍም። በአንድ ላይ ቢማሩማ አልጋውም፣ ያለቻቸው አንዲት ላንድሮቨርም አትበቃም። ዕረፍት የማይፈልግ አከታትሎ ተምሮ ቶሎ መጨረስ ይችላል።

«ሣር ዕረፍት የለውም፣ ማማ ሸፊቃ» አለ እየሳቀ። «ፍየልም የለውም።»

ካልቶማ አልሳቀችም። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ሌላ የት አለ አለችው። እዚህ አካባቢ የለም፣ እኛም የጀመርነው አምና ነው አላት። ማንም አይቶት የማያውቅ ነገር ለጠረጠረ ሰው ምን ማስረጃ ይሆናል? ጋልጋሎ ግን በልጇ ኩራት ይዞት ቀጠለ። ሌሎቹ ሴት ልጆች ወንድምና እህቶቻቸው ቤት የሚሆኑበትን የዲሴምበሩን ተራ ነው የሚመርጡት፤ ሸፊቃ ግን ይህን ተራ ካልሰጠኸኝ ብላ በሩ ላይ ቆማ አስቸገረችው። ከሌላ ልጅ ጋር ተለዋውጣ በትልቁ ዝናብ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚሸሸውን ሥራ ወሰደች፤ ጎልቦ ድንኳን ውስጥ፣ ጭቃ ላይ። ለምን ይህን ተራ ፈለገች ስትለው ጋልጋሎ ጥያቄው ገረመው።

«ረመዳን ስለሆነ ነዋ። ከእናቴ ጋር ልጹም አለችኝ።»

እዚህ ላይ ተነስታ አመስግና ብትሄድ ኖሮ! ለአንድ አፍታ አንጀቷ ራሰ፤ ዓይኗም እርጥብ አለ። ግን ጥርጣሬ ክፉ እንግዳ ነው፤ ጥሩ ምግብ ቢያቀርቡለትም ውስጡ ፀጉር ይፈልጋል። ድንኳን? ድንኳኑ ውስጥ ከማን ጋር? ወንዶቹ የት ነበር የሚያድሩት? ትልቁ ዝናብ ከማርች እስከ ሜይ ነው፤ ካልቶማ በሆዷ ወሮቹን ደመረች፤ ድምሩ ከሰፊው ድሪ ጋር ገጠመላት። ልጇ የተናገረችው ሁሉ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ይበልጥ አስፈራት። ይህን ደግሞ ወንድ አይጠየቅም። የሴቶቹን ማደሪያ የምትጠብቀው ማን ነች አለች፤ ሃጂራ ወደምትባል ሴት ወሰዷት።

ሃጂራ ቀጭን፣ ሥራዋን የምታጠብቅ ሴት ናት። ማደሪያው ጀርባ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ፣ ልብስ የሚያጥቡ ልጃገረዶች አጠገብ ቆመው አወሩ። ካልቶማ ከሩቅ ጀመረች። ሸፊቃ እዚህ ሳለች ታማ ታውቃለች? ምግብ አስጠልቷት፣ ጠዋት ጠዋት አቅለሽልሿት? ሃጂራ ኧረ ምንም አላየሁም፣ ለምን ጠየቅሽኝ አለቻት። ሴት ለሴት ነው ብላ፣ ሳምንት ሙሉ ለማንም ያልተነፈሰችውን ካልቶማ ዘረገፈችው። ጾሙን፣ ድሪውን፣ ድንኳኑን፣ ሰፈሩ የሚለውን። ስትጨርስ ቀለል አላት፤ ሃጂራ ደረቷን መትታ «ሞኝ ሴት፣ ልጅሽ ደህና ናት» እንድትላት ጠበቀች። ሃጂራ ግን ፊቷ ተቀየረ።

«እኔ ምንም አላየሁም ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አሁን ግን እናቷ ነገርሽኝ። እናት የነገረችኝን አልሰማሁም ልበል?»

ደንብ አለ አለቻት። የተጠረጠረች ልጅ ከሆስፒታል ንጹሕ ናት የሚል ወረቀት ሳታመጣ ማደሪያው አትገባም። እስከ ዛሬ ሸፊቃን ማንም አልጠረጠራትም፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ተጠርጥራለች። ካልቶማ ደነገጠች። ልትመልሰው ሞከረች፤ እንዲያው የሰው ወሬ አስጨንቆኝ ነው፣ ጾሙ አዙሮኝ ነው፣ እንዳልሰማሽ እለፊው ብላ እጇን ያዘቻት። ሃጂራ እጇን አልነጠቀችም፣ ሐሳቧንም አልለወጠችም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ታንከሩ ጥግ ልጃገረዶቹ ልብስ ማሸታቸውን አቁመዋል፤ ካልቶማ ቀና ስትል ሁሉም እንደገና ማሸት ጀመሩ። ማንያታ ቆርቆሮ ጀርባ የቀረውን ወሬ በገዛ እግሯ ተሸክማ፣ ወሬው ወዳልነበረበት ቦታ አደረሰችው።

ስትመለስ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ግቢዋ ስትገባ ማድቤቱ ውስጥ የሳህን ኮሽታ ሰማች። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጋ ስታይ ሸፊቃ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ትናንት የተረፈ ሳምቡሳ እየበላች ነው። አጠገቧ የሻይ ብርጭቆ አለ። በረመዳን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ! ካልቶማ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ነገር አይታ አታውቅም። አልሐምዱሊላህ ብላ የበሩን መቃን ተደገፈች፤ እንባዋ መጣ። ልጅቷ ደንግጣ ሌሶዋን ሳህኑ ላይ ጣል አደረገች።

«ጠዋት ነው የጀመረኝ» አለች አፍራ። «ጾሙ ሊገባ ሲል እዚያው ኮሌጅ ጨርሼ ነበር የመጣሁት። ልነግርሽ ነበር እኮ፤ የታመመች ሴት ልጠይቅ ብለሽ ወጣሽ።»

ብይ፣ ብይ፣ አለቻት እናቷ። አጠገቧ ቁጢጥ አለች፤ ሻይ ጨመረችላት። ሸፊቃ የእናቷን አቧራ የለበሰ እግር አየች። የታመመችው ማን ናት አለቻት። ካልቶማ እንደ መንገዱ ሴቶች አታውቂያትም ልትላት ትችል ነበር። ዕረፍቱ ሲያልቅ ግን ልጅቷ በኮሌጁ በር መግባቷ አይቀርም። ስለዚህ ነገረቻት፤ ጋልጋሎን፣ ሃጂራን፣ ወረቀቱን። ስትናገር ዓይኗን አመዱ ላይ ተክላ ነበር።

ሸፊቃ አልጮኸችም። ብትጮኽባት ይሻላት ነበር ካልቶማ። ልጅቷ የተረፈውን ሳምቡሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

«ልጆቹ ሰምተዋል?» አለች።

«ታንከሩ ጋ ነበሩ» አለች ካልቶማ።

«ከመጣሁ ጀምሮ ዓይንሽ ሆዴ ላይ እንደነበረ አውቃለሁ። አንድ ቀን ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ፣ እማ። እኔን ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር።»

ከዚያ ተነስታ ብርጭቆዋን አጠበች። ሁለቱም የማፍጠሪያውን ሹርባ ማብሰል ጀመሩ፤ አንዷ ሽንኩርት ስትከትፍ አንዷ እሳት ስታነድ፣ ከውጭ ላየ ሰው እንደማንኛውም እናትና ልጅ ነበሩ።

ነጅመዲን ከመግሪብ በፊት ደረሰ። አቧራው እስከ ቅንድቡ ነው፤ የኢሲዮሎ ቴምር በሳጥን ይዞ መጥቷል፤ የቴምር ዋጋ በረመዳን እጥፍ ሆነ እያለ ያማርራል። ሻይ ቤቱ ጋ ወርዶ እንደነበር ካልቶማ ከፊቱ አነበበች፤ ልጁን ቶሎ ቶሎ ያያል። አዛን ተሰማ፣ ቴምር ያዙ፣ ሹርባው ቀረበ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከጎረሰ በኋላ አባትየው ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ዓይኑን ሹርባው ላይ ተክሎ፣ ይህ ዕረፍት የምትሉት ነገር እስከ መቼ ነው አላት።

ሸፊቃ ነገ እሄዳለሁ አለች። ዕረፍቱን ትቼዋለሁ፣ የሚፈልግ ሰው አከታትሎ መማር ይችላል፣ ከእንግዲህ ሳላርፍ ነው የምጨርሰው አለች። ነጅመዲን ማንኪያውን አቆመ፤ ፊቱ እየበራ መጣ። ሳያርፉ መማር! ለሻይ ቤቱም፣ ለናይሮቢውም ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። እንዲህ ያለች ልጅ ነው የሰጠኝ እያለ አላህን አመሰገነ። ካልቶማ ኢድ እኮ ደረሰ፣ ቢያንስ ኢድን አብረን እንዋል አለች።

«ኢድ እዚያም አለ፣ እማ» አለች ሸፊቃ። ቀጥላም ለአባቷ ጠዋት መጀመሪያ ሆስፒታል ሄዳ አንድ ወረቀት እንደምታወጣ ነገረችው።

«የምን ወረቀት?»

ካልቶማ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። ሸፊቃ ቀና ብላ እናቷን አየቻት፤ ከመጣች ወዲህ እንዲህ ቀጥ ብላ አይታት አታውቅም።

«ሁሉም ተማሪ የሚያመጣው ነው፣ አባ። ለጤና ነው።»

ነጅመዲን ጥሩ ደንብ ነው አለና ወደ ሹርባው ተመለሰ። ካልቶማ ቀኑን ሙሉ በእግሯ ስትፈልገው የዋለችውን የልጇን ውሸት በገዛ ማዕዷ ላይ አገኘችው፤ የተዋሸውም ለእሷ ሲባል ነበር። ሸፊቃ ጭልፋውን ከእጇ ተቀብላ ለአባቷ ጨመረችለት።